«ፊትሽ ቀላ»፦ የፊት መቅላትና መንደድ ከምን እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚያዝ

በአማርኛ «ቀላ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይዞራል። «ፊትሽ ቀላ» ሲባል ቆዳሽ ፈካ፣ አማረብሽ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ደም ወደ ፊትሽ ወጣ ማለትም ሊሆን ይችላል። አዳማ ላይ ከኮስሞቲክስ ቤት የገዛችውን ክሬም ሦስት ሳምንት ቀብታ «ቀላሽ እኮ!» የተባለች ሴት የሰማችው ሙገሳ ነው። ስድስት ወር ሲሞላት ግን ያው ፊት ፀሐይ ሲነካው ይለበልባታል፣ ምጣድ ፊት ስትቆም ይነዳል፣ ጉንጯ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ቅላት ያመጣው የመጀመሪያውን ያመጣው ቱቦ ነው። ፊታቸው የሚነድባቸው ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ግን ፊት ለምን ይቀላል? ከፊት ቆዳ ሥር ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ከሌላው አካል ይልቅ ብዙ ናቸው፤ ለላይኛው ቆዳም ይቀርባሉ። ሰውነት ሲሞቅ፣ ሲናደድ ወይም ሲያፍር ነርቮች ያዟቸዋል፤ ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ደም ይሞላቸዋል፣ ፊት ይግላል። «ፊቱ በርበሬ መሰለ» የምንለው ይህንኑ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል። ችግር የሚሆነው በትንሽ በትልቁ ሲመላለስ፣ ለመብረድ ሰዓታት ሲወስድ ወይም ጨርሶ አልመለስ ሲል ነው።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀይ ሆኖ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ቡኒ የሚሄድ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ሰውየው «ይለበልበኛል፣ ይወጋጋኛል» ሲል አጠገቡ ያለው «ምንም የለብህም» ይለዋል። ይህ ትክክል አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ከዓይን በፊት ስሜት ይናገራል።

ለማረጋገጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ነገር አለ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ይቁሙ፤ የአምፖል ብርሃን ያታልላል። ጥርት ያለ፣ አበባ የሌለበት የሻይ ብርጭቆ ወስደው ጎኑን ጠቆር ያለው ቦታ ላይ አምስት ሰከንድ ያህል ጫን ያድርጉና ሌላ ሰው በብርጭቆው ውስጥ ይመልከት። ሲጫኑት ከፈዘዘና ሲለቁት ወዲያው ከተመለሰ በሥሮቹ ውስጥ ያለ ደም ነው። ተጭነውትም ካልለወጠ ማድያት ወይም የድሮ ብጉር የተወው ጥቁረት ሊሆን ይችላል፤ የእነዚያ ሕክምና ሌላ ነው። ከዚያ በመዳፍዎ ጀርባ ጉንጭዎንና አንገትዎን አነጻጽረው ይዳስሱ። የሚቀላ ጉንጭ ይሞቃል፤ ማድያት አይሞቅም።

ላብ አለው ወይስ ደረቅ ነው?

ሐኪም መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ እርስዎም ራስዎን ይጠይቁ። ፊት ሲግል ላብ አብሮ ከመጣ ትእዛዙ የመጣው ከነርቭ ነው፦ ሙቀት፣ ትኩሳት፣ ጭንቀት፣ ከፍ ያለ የእንቅርት ሆርሞን፣ ወይም ማረጥ። በማረጥ ዕድሜ ያለች ሴት ላይ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከደረት ይነሳና ወደ አንገትና ፊት ይወጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በላብና በብርድ ስሜት ያልፋል። ሌሊትም ይቀሰቅሳል። እናቶቻችን ይህንን «ወባ ይሆን?» እያሉ ለብቻቸው ሲሸከሙት ኖረዋል። ሕክምና አለው፤ ቢያንስ የሴቶች ሐኪም ጋ ሄዶ መነጋገር ይገባል።

ላብ ከሌለውና ደረቅ ከሆነ ሥሮቹን በቀጥታ የሚያሰፋ ነገር ይፈለጋል። የደም ግፊት መድኃኒቶቹ ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን ፊት ያግላሉ። ኒያሲን (ቫይታሚን ቢ3)፣ ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን እና ለወንዶች ስንፈተ ወሲብ የሚወሰደው ሲልደናፊልም እንዲሁ። ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ለአሜባ ታዞለት ቢራ የጠጣ ሰው ፊቱ ሊነድ፣ ሊያስመልሰውና ልቡ በኃይል ሊመታ ይችላል። ሜትሮኒዳዞል እየዋጡና ካቆሙ በኋላም ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቲኒዳዞል ሲሆን እንዲሁ ሦስት ቀን ከአልኮል መራቅ ነው። ግን የግፊት መድኃኒትን «ፊቴን አቃጠለኝ» ብሎ በገዛ እጅ ማቋረጥ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ላዘዘዎት ሐኪም ይንገሩት፤ የሚለወጥ ከሆነ እርሱ ይለውጥልዎታል።

ቱቦው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

አሁን ወደ ክሬሙ። ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት (ስቴሮይድ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ነው) ፊት ላይ ሲውል መጀመሪያ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ እብጠት ያበርዳል፣ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ያደክማል። ስለዚህ በሁለትና በሦስት ሳምንት ብጉሩ ይከስማል፣ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ይፈካል። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ቢወደው አይፈረድበትም። ከዚያ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል። ሥሮቹን አቅፎ የያዘው ሥጋ ይመነምናል፤ ሥሮቹ ያለ ደጋፊ ይቀሩና ሰፍተው ይቀራሉ። ክሬሙ አንድ ቀን ሲረሳ፣ ታፍነው የቆዩት ሥሮች በአንዴ ይከፈታሉ፤ ፊት ይነዳል፣ ያብጣል፣ ጥቃቅን ብጉር ይወጣል። ሲቀቡት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። ሰውየው «መድኃኒቴ ይሄ ነው» ብሎ ያምናል። የሚያቃጥለውም የሚያበርደውም አንድ ቱቦ መሆኑን ለማየት ከውስጡ ሆኖ በጣም ይከብዳል።

ቱቦውን ገልብጠው በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን 0.1 በመቶ፣ ፍሉኦሲኖሎን፣ ትራይአምሲኖሎን ካለ ስቴሮይድ ነው። አብዛኞቹ ስማቸው በ«ሶል»፣ በ«ሶን» ወይም በ«ሎን» ያልቃል። በ«ዞል» የሚያልቁት፣ ማለትም ክሎትሪማዞል፣ ኬቶኮናዞል፣ ሜትሮኒዳዞል ግን ስቴሮይድ አይደሉም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ለጭርት ተብሎ የሚሸጥ ቱቦ ክሎትሪማዞል፣ ጄንታሚሲንና ቤታሜታሶን በአንድ ላይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያውን ስም ብቻ አንብቦ መተው ስለማይበቃ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ለማድያት የሚታዘዘው ሦስት መድኃኒት የተቀላቀለበት ክሬምም (ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይን እና ስቴሮይድ) ለጥቂት ሳምንት በሐኪም ክትትል እንጂ ለዓመታት የሚቀባ አይደለም። ተቀላቅሎ ስም በሌለው ዕቃ የሚሸጥ «ማቅያ» ሲሆን ደግሞ ስቴሮይድ ወይም ኩላሊት የሚጎዳው ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል ብሎ መጠርጠር ነው።

እንዴት ይቆማል? ከጥቂት ሳምንት ያልበለጠ ከሆነ ማቆም በቂ ነው። ወራት ወይም ዓመት ካለፈው ሐኪም ይያዘው። አንዳንዱ ሐኪም ከኃይለኛው ስቴሮይድ ወደ ለስላሳው፣ ወደ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ፣ ያወርድና፣ በቀን አንዴ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ እያደረገ በሳምንታት ያስቆማል። ሌላው በአንዴ ያስቆምና ስቴሮይድ ያልሆነውን ታክሮሊመስ ቅባት እና የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን (አንቲባዮቲክ) ያዛል። በሁለቱም መንገድ ፊቱ መጀመሪያ ይብሳል። ብዙውን ጊዜ ካቆሙ በቀናት ውስጥ ወይም በሁለት ሳምንት ማቃጠሉ ይነሳል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየተመላለሰ ይቀንሳል። ይህንን አስቀድሞ ለባልም፣ ለእህትም፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባም መንገር ይጠቅማል፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ኧረ ምን ሆንሽ፣ የድሮውን ተቀቢ» የሚል ምክር ይመጣና ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ክሬሙን በእጅ፣ በእግር፣ በመላ ሰውነት ለወራት የተቀባ ሰው ግን በድንገት አያቁም። ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ረስቶ ድካም፣ ማስመለስና ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል።

ሮዜሺያ

ክሬም ተቀብቶ የማያውቅ፣ ዕድሜው 30 ካለፈ በኋላ ጉንጩ፣ አፍንጫው፣ አገጩና ግንባሩ መሐል እየቀላ ለወራት የቆየ ሰው ሮዜሺያ የሚባለው ሕመም ሊኖርበት ይችላል። አንዳንዴ እንደ ብጉር ያሉ ቀይና መግል የያዙ ነገሮች ይወጣሉ፤ ግን የብጉር መለያ የሆነው ጥቁር ጫፍ የለውም። ግማሽ ያህሉ ሰው ዓይኑም ይነካል፦ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያቃጥላል፣ ሽፋሽፍቱ ሥር ይቀላል። ዓይኑ ከተነካ የዓይን ሐኪም ማየት አለበት፤ ችላ ከተባለ የዓይንን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን (ኮርኒያ) ሊጎዳ ይችላል። በአንዳንድ ወንዶች ላይ አፍንጫ እየወፈረ ይሄዳል፤ ይህንን አይቶ «ጠጪ ነው» ማለት በደል ነው። አልኮል ፊትን ያግላል እንጂ ይህን አፍንጫ የሚሠራው ሕመሙ ነው፤ አረቄ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም ያገኘዋል።

ሮዜሺያ አይጠፋም፤ ይገራል። ለብጉር መሰሉ ሜትሮኒዳዞል ጄል 0.75 በመቶ ጠዋትና ማታ፣ ወይም አዜላይክ አሲድ 15 በመቶ፣ ወይም አይቨርሜክቲን ክሬም 1 በመቶ ማታ ማታ ይታዘዛል። አዜላይክ አሲድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወጋጋል፤ ግን ብጉር የተወውን ጥቁረት አብሮ ስለሚያጠራ ለእኛ ቆዳ ጥሩ ምርጫ ነው ብለን እናምናለን። ለከብት የሚሸጠውን አይቨርሜክቲን ፊት ላይ ማድረግ አይሆንም። የትኛውም ቢሆን ውጤቱን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መተው ሕክምናው የሚከሽፍበት አንዱ ምክንያት ነው። ከበድ ሲል ዶክሲሳይክሊን ይዋጣል፦ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ተቀምጠው ወይም ቆመው፣ ከዋጡ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ። ካልተደረገ ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ያቆስላል። የብረት እንክብልና የጨጓራ ማስታገሻ ኃይሉን ስለሚያጠፉት ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራራቁ። ነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይወስደውም፤ የሚወስደው ሰውም ፀሐይ ቶሎ ያቃጥለዋል።

ብሪሞኒዲን የሚባል ጄልም አለ፤ ሥሮቹን ለግማሽ ቀን ያህል ያጠብባል። ሲለቅ ግን ከበፊቱ የባሰ ቅላት የሚያመጣባቸው ሰዎች አሉ፤ ለሠርግ ቀን ብሎ መጀመሪያ ሠርጉ ጠዋት መሞከር አይገባም። ሌዘርም የሰፉ ሥሮችን ያከስማል። ሆኖም በጠቆረ ቆዳ ላይ በልክ ካልተሠራ ያቃጥላል፣ ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ይተዋል። እንደኛ ያለ ቆዳ ሠርቶ የሚያውቅ ባለሙያ ካልተገኘ ቢቀር ይሻላል።

አዳማ ላይ ፊትን የሚያነድዱ ነገሮች

አንደኛው ፀሐይ ነው። አዳማ ቆላማ ትመስላለች እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ ከካንሰር የተሻለ ይከላከላል፤ ሥሮቹን ከሙቀትና ከጨረር ግን አያድንም። ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ይከብዳል። ጃንጥላ፣ ዙሪያውን ክንፍ ያለው ባርኔጣ ወይም ጥላ የሚጥል ሻሽ ከየትኛውም ክሬም ይረክሳል፤ አያቃጥልምም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የሚገዛ ሰው የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ይምረጥ። ፊትን የሚያነጣ ከሆነ ቡናማ ቀለም የተጨመረበት አለ። ልኩ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሰመር ሁለት መስመር ነው፤ ለፊትና ለአንገት። ብዙ ሰው የሚቀባው የዚህን ሩብ ነው፤ ከዚያ «አልጠቀመኝም» ይላል። ደጅ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይድገመው።

ሁለተኛው ነፋስና አቧራ ነው። ከተማዋ ዙሪያ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች በከንቱ አልተተከሉም። በደረቁ ወራት ክፍት ባጃጅ ውስጥ የሚመታ ነፋስ የቆዳውን ቅባትና እርጥበት ያነሳል፤ የደረቀ ቆዳ ደግሞ በትንሹ ይቆጣል። ነጠላ ወይም ማስክ ይበቃል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም በላይ ችላ የተባለው፣ ወጥ ቤት ነው። አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት በቀጥታ ጉንጭ ላይ ያርፋል። አንድ እንጀራ ሲጋገር አንዴ፣ ሃያ እንጀራ ሲጋገር ሃያ ጊዜ። መፍትሔው መጋገር ማቆም አይደለም፦ ክንድን ዘርግቶ አክንባሎውን ከራስ ወደዚያ አቅጣጫ ማንሳት፣ እንፋሎቱ እስኪበተን ሦስት አራት ሰከንድ ፊትን ዞር ማድረግ፣ ምጣዱን ከበር ወይም ከመስኮት አጠገብ ማድረግ፣ ሃያውን በአንዴ ከመጋገር በሁለት ዙር ከፍሎ መሐል ላይ ፊትን ማቀዝቀዝ። ቁሌት ሲቁላላና በርበሬ ሲታመስም እንዲሁ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚነካው ነርቭ ላይ ያለች በር፣ እውነተኛ እሳት የሚነካት ያችኑ በር ናት። ስለዚህ «በርበሬ አቃጠለኝ» ሲባል ነርቭ ዘንድ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ፊቱ የሚነድበት ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት አልጫ ሞክሮ ልዩነቱን ይመልከት፤ ልዩነት ከሌለ በርበሬውን በከንቱ አይሰዋ።

ቡናን በተመለከተ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል። ፊትን የሚያግለው በአብዛኛው የመጠጡ ትኩሳት እንጂ ካፌይኑ አይደለም፤ ያው ትኩስ የሆነ ውሃም ያግላል። አቦሉ ለብ እስኪል ይቆይ፤ ከከሰሉና ከዕጣኑ ጭስ ራቅ ብሎ መቀመጥም ይረዳል። ሶደሬ ፍል ውሃ መግባት፣ የሞቀ ሻወርና ሳውና ግን በእርግጥ ያነድዳሉ። ከአልኮል የትኛው እንደሚያስቸግር ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለአንዱ ጠጅ፣ ለሌላው ቢራ።

የእርስዎን ለማወቅ ለሦስት ሳምንት ደብተር ይያዙ። ፊትዎ በነደደ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ባለፈው አንድ ሰዓት የበሉትን፣ የጠጡትን፣ የቀቡትንና የነበሩበትን ቦታ፣ ላብ መኖሩን፣ በስንት ደቂቃ እንደበረደ ይጻፉ። ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ብቻ ይተዉ።

ሲነሳ ምን ይደረግ፣ በየቀኑስ?

ሲነሳ ከሙቀቱ ይውጡ። ቀዝቃዛ ውሃ አፍ ውስጥ ይዘው ቀስ ብለው ይዋጡ፤ ይህ ብቻውን ቅላቱን ያሳጥራል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው ጨምቀው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ፊት ላይ ያኑሩ፤ አይሹት። በረዶ በቀጥታ አይደረግ፤ ያጠበባቸው ሥሮች መልሰው በኃይል ይሰፋሉ፣ ቆዳውንም ሊያቃጥል ይችላል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ፊት ላይ ማሸትም የተቆጣን ቆዳ ያስቆጣል።

በየቀኑ፦ ፊትን ለብ ባለ ውሃ፣ በጣት ብቻ፣ ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጽጃ ማታ አንዴ መታጠብ፤ ጠዋት ውሃ ይበቃል። የልብስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አልኮል ያለበት ቶነርና መፈግፈጊያ አይነኩት። ሎሚ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ውሃ የሚቋጥር ቃጠሎ ያመጣል። በፎጣ ጠብ ጠብ አድርገው ያድርቁና 10 ደቂቃ ይቆዩ፤ መድኃኒት እርጥብ ፊት ላይ ሲቀባ የበለጠ ይወጋጋል። ከዚያ የታዘዘው መድኃኒት፣ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ ያህል፤ ቀጥሎ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ፤ ጠዋት ከሆነ መጨረሻ ላይ የፀሐይ መከላከያ። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ክንድ ውስጠኛው ላይ ሦስት ቀን ይሞከር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥም ከአንድ በላይ አዲስ ነገር አይጀመር፤ አለበለዚያ ያስቆጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ቶሎ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ፊት ቀልቶ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል። አንድ ጉንጭ ብቻ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ነክተውት የሚያም ከሆነና ትኩሳት ካለው ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ይታይ። ፀሐይ ሲነካው የሚብስ፣ ጉንጭና አፍንጫ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተዘረጋ ቅላት ከመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) መሆን አለመሆኑ መመርመር አለበት። ስሜት የሌለው ነጠላ ምልክት የሥጋ ደዌ፣ ለወራት ያልዳነና የማያም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የሚድኑ ናቸው። የፊት መንደድ ከተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ከሲር ሲር የሚል ትንፋሽና ከክብደት መቀነስ ጋር ከሆነ የውስጥ ደዌ ሐኪም ያስፈልጋል።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ በዚያ ጠዋት ፊትዎ ላይ ምንም አይቀቡ። ፊትዎ በነደደበት ሰዓት በስልክ የተነሳ ፎቶ ይያዙ፤ እዚያ ሲደርሱ በርዶ ሊገኝ ይችላል። የሚውጡትን መድኃኒትና እስከዛሬ የተቀቡትን ቱቦ ሁሉ፣ ያለቀውንና ስም የሌለውን ጨምሮ፣ በፌስታል አድርገው ይዘው ይግቡ። ክሬም ተቀብተው ከነበረ አይደብቁ፤ ሐኪሙ የሚመርጠው መድኃኒት በዚያ ላይ ይወሰናል።